በደነዘዘ እግሬ ላይ ለሚነድ ሕመም፦ አሚትሪፕቲሊንን 7 ወር ወስጄ ያየሁት

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የነርቭ ሕመም ኪኒን ለእኔ ሠርቷል። ሕመሜን አላጠፋውም፤ ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው፣ እንቅልፌን ደግሞ መለሰልኝ። ከ10 7 እሰጠዋለሁ። 3ቱን ነጥብ ለምን እንደያዝኩበት፣ ከእሱ በፊት ምን ምን እንደሞከርኩ፣ ማን ዝም ብሎ ሊወስደው እንደማይገባ ወደ ታች እጽፋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ሌሊት እግሬን ይዤ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ነገር በአማርኛ የተጻፈ ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ነው።

ከ9 ዓመት በፊት የሥጋ ደዌ ተገኘብኝ። ባክቴሪያው የበዛበት ዓይነት ስለነበር ለ12 ወር 3ቱን መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ወሰድኩ። ኤም ዲ ቲ የሚባለው እሱ ነው። አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ድነሃል ተባልኩ፤ እውነትም ድኛለሁ። ለማንም አላስተላልፍም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብቦ «መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። መድኃኒቱ ይሠራል። እሱ የሚገድለው ግን ባክቴሪያውን ነው፤ የተጎዳ ነርቭ መጠገን ሥራው አይደለም።

ሕክምናውን ከጨረስኩ ወደ 3 ዓመት ሲሆነኝ ግራ እግሬ ማታ ማታ መንደድ ጀመረ። መንደድ ስል ዝም ብሎ ማመም አይደለም። ፍም ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ቆይቶ ይቀየርና በረዶ ውስጥ የተነከረ ይሆናል፤ እጄን ሰድጄ ስነካው ግን እግሬ ሞቅ ያለ ነው። በመሃል በመሃሉ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ እስከ ጣቶቼ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። የእግሬን ጀርባ አንሶላ ሲነካው ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥቼ ነው የማሳድረው። የዚያው እግር ውስጡ ግን ሚስማር ብረግጥ አያውቅም። ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ይረሳኛል። ቤቱ ጸጥ ሲል ይነሳል።

ይህን ለሰው ማስረዳት እንዴት ከባድ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። የሥጋ ደዌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አለመሰማትን ነው። የጤና ትምህርቱም የሚለው እንደዚያ ነው፦ ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት። ልክ ነው፣ እኔም የጀመረኝ በዚያ ነው። ከዚያ ተነስቶ ግን «የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ሕመም አያውቅም» ይባላል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ስናገር ባለሙያው ካርዴን ገለበጠና «አንተ እኮ ጨርሰሃል፤ ደግሞስ የደነዘዘ እግር እንዴት ያማል?» አለኝ። አልተናደድኩም። አፍሬ ነው የወጣሁት። ከጭንቀት ይሆናል፣ ራሴ የፈጠርኩት ይሆናል እያልኩ ስንት ወር ዝም አልኩ። ባለቤቴ ሌሊት ስነቃ ታየኛለች፣ ትነሳና አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ምን እንደምትለኝ ግን አታውቅም።

የደነዘዘ ነገር ለምን እንደሚያም ኋላ ላይ የተረዳሁትን ላስቀድም፤ ስለ ኪኒኑ የምለው ያለዚህ አይገባም። ባክቴሪያውን ያገኘው ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1873። ይህ ተሕዋስ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል። ስለዚህ ለቆዳ ቀረብ የሚሉትን ነርቮች ይይዛል፦ ከክርን ጀርባ ያለውን፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለውን፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚዞረውን፣ ከቁርጭምጭሚት በስተ ውስጥ የሚያልፈውን፣ የፊቱን። የሚገባውም የነርቩን ክሮች በሚሸፍኑት ሽዋን በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ነው። ሰውነት ሊዋጋው ሲነሳ እንግዲህ ጦርነቱ ነርቩ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ነርቩ ያብጣል፣ በጠባብ ቦታ ይታፈናል፣ ክሮቹ ይበላሻሉ። የሞተው ክር ስሜት አያደርስም፤ ቦታው ይደነዝዛል። ተጎድቶ በሕይወት የቀረው ክር ግን ዝም አይልም፤ ማንም ሳይነካው ራሱ ምልክት ይልካል። አከርካሪያችንና አንጎላችንም ከዚያ አካባቢ ትክክለኛ ወሬ ስለቀረባቸው የመጣውን ትንሽ ነገር አጉልተው ይቀበላሉ። መደንዘዙም ማቃጠሉም የአንድ ጉዳት ልጆች ናቸው። ይህን የነገረኝ ሰው ሲመጣ፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ሕመሙ ሳይቀንስ ልቤ አረፈ።

እስከዚያ ድረስ ምን ምን ሞከርኩ?

ፓራሲታሞል፦ ምንም። ዳይክሎፌናክ፦ ጨጓራዬን ነው ያነደደው። የቪታሚን ቢ መርፌ፦ ብዙ ሰው የሚመክረው እሱን ነው፤ ቪታሚኑ ላልጎደለው ሰው በሥጋ ደዌ የተጎዳ ነርቭ ላይ ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ለእኔም አልጨመረልኝም። እነዚህ የተለመዱ ማስታገሻዎች ለቁስል፣ ለእብጠት፣ ለመገጣጠሚያ የተሠሩ ናቸው። የእኔ ሕመም ምንጩ ነርቩ ራሱ ስለሆነ አይደርሱበትም።

ሙቅ ውኃ፦ ይህን በጣም ነው የምለምናችሁ፣ አታድርጉት። አንድ ሌሊት እግሬ በረዶ ሆነብኝና ሙቅ ውኃ በላስቲክ ከረጢት ሞልቼ አስደገፍኩት። ደስ አለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ተረከዜ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት። ቅዝቃዜው እውነተኛ ቅዝቃዜ አልነበረም፣ ነርቩ ነው ያወራው፤ ቃጠሎው ግን እውነተኛ ነበር፣ እሱን ነርቩ አልነገረኝም። ለመዳን 2 ወር ፈጀ።

ፕሬድኒሶሎን (እብጠትን የሚያበርድ፣ ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት መድኃኒት)፦ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ኤም ዲ ቲ ላይ እያለሁ በ4ኛው ወር ሪአክሽን፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ነርቭና ቆዳ ድንገት የሚያብጥበት ነገር፣ መጥቶብኝ ነበር። የቀኝ ክርኔ ነርቭ አብጦ ሲነኩት የሚያስጮህ ሆነ፣ ትንሿ ጣቴ ደከመች። ያኔ ፕሬድኒሶሎን በ40 ሚሊግራም ጀመሩልኝ፣ እየቀነሱ በ20 ሳምንት ጨረስኩ። እጄን ያዳነው እሱ ነው፣ ዛሬ ይህን የምጽፍበትን እጅ። ስለዚህ እግሬ መንደድ ሲጀምር «ያው ሪአክሽን ነው፣ መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ» ብዬ ሳልመረመር ከፋርማሲ ገዝቼ 3 ሳምንት ወሰድኩ። ፊቴ አበጠ፣ እንቅልፍ የሚባል ጠፋ፣ ሆዴ ተቃጠለ። ሕመሙ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። በራሴ የጀመርኩትን በራሴ ድንገት አቆምኩት፤ እሱም አደገኛ እንደሆነ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፕሬድኒሶሎን ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለሪአክሽን ሲሆን ከዚህ ሁሉ ጋር የሚገባ ነው። ለቆየ የነርቭ ሕመም ሲሆን ግን ጉዳቱን ብቻ ነው የተሸከምኩት።

ታዲያ 2ቱ እንዴት ይለያሉ? ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ሕመሙ አዲስ ከሆነ፣ ነርቩ ካበጠና ሲጫኑት ካመመ፣ አዲስ መደንዘዝ ወይም አዲስ ድካም ከመጣ፣ ለምሳሌ ጣት መቆልመም ከጀመረ፣ እግር መጎተት ከጀመረ፣ ዓይን አልከደን ካለ፣ ያረጀ ምልክት ከቀላና ካበጠ፣ ወይም ትኩሳት ያለው የሚያም እባጭ ቆዳ ላይ ከወጣ፣ ያ ሪአክሽን ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳይባል መታየት አለበት። ነርቩ ከተጎዳ 6 ወር ሳይሞላው ሕክምና ከተጀመረ የመመለስ ዕድል አለው፤ በቆየ ቁጥር ይቀንሳል። ኤም ዲ ቲን ከጨረሱ ከዓመታት በኋላም ሪአክሽን ሊመጣ ይችላል፣ «ጨርሻለሁ» ብሎ መተማመን አይቻልም። ነርቩ ጸጥ ካለ፣ ድካሙም ድንዛዜውም ከድሮው ካልተለወጠ፣ ግን ማቃጠሉ፣ ንዝረቱ፣ ጉንዳን የሚሄድበት ስሜት ካላቆመ፣ እሱ የነርቭ ሕመም ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ቤት ቁጭ ብሎ መወሰን ግን አይቻልም። እኔ ወስኜ ተሳስቻለሁ።

የለየችልኝ አንዲት ሲስተር ናት። ሌላ ቦታ ቁስሌን ለማሳየት ሄጄ ነው ያገኘኋት። ቁስሉን ካጠበች በኋላ «ሌላስ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ «የለም» አልኳት። አልተነሳችም። «ሌሊት ይተኛሉ?» አለችኝ። እዚያ ላይ ሁሉንም አወጣሁት።

ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። በእስክሪብቶ ጫፍ ቆዳዬን በቀስታ ትነካኝና የነካችበትን በጣቴ እንዳሳያት ትጠይቃለች። መዳፌን ጨረስን፣ ትንሿ ጣቴ አካባቢ ካሉት በስተቀር ሁሉንም አሳየኋት። «አሁን ወደ እግርዎ» አለች። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። «ጀምሪ እንጂ እህቴ» አልኳት። «ጨረስኩ እኮ ጋሼ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ክርኔን አጠፍ አድርጋ ከጀርባው ያለውን ነርቭ በጣቶቿ እያንከባለለች ፊቴን ታያለች፤ እጄን ሳይሆን ፊቴን። ካመመኝ ከአፌ በፊት ፊቴ እንደሚነግራት ነው ያስረዳችኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ፣ ትንሿን ጣቴን ወደ ውጭ፣ እግሬን ወደ ላይ እየገፋሁ እሷ በተቃራኒው ገፋች። ዓይኖቼን ጭምቅ አድርጌ ጨፈንኩ። ሁሉን ከድሮ መዝገቤ ጋር አስተያየችው። ምንም አልተለወጠም። ነርቮቼም ሲጫኗቸው አያሙም።

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። 10 ነጥብ ያለው መጠይቅ ነው፣ ዲ ኤን 4 ይባላል። 7ቱን ትጠይቃለች፦ ያቃጥላል? የሚያም ቅዝቃዜ አለው? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል? ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል? መርፌ መርፌ ይላል? ይደነዝዛል? ያሳክካል? 3ቱን ደግሞ ቆዳው ላይ በመንካት፣ በመውጋትና በመጥረግ ታያለች። 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ የነርቭ ሕመም የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የእኔ 8 ወጣ። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። እስከዛሬ «የፈጠርኩት ይሆናል» ያልኩት ነገር ጥያቄ ተዘጋጅቶለት፣ ታትሞ፣ እኔ ከመታመሜ በፊት ሲጠየቅበት የኖረ ነው። እንባዬ መጣ። ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ነው የወሰደባት፣ ዕቃዋ ደግሞ እስክሪብቶና ወረቀት ነው። ይህንን አገልግሎት ለብቻው ብገመግመው ከ10 10 ነው።

ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ።

ቤት ገብቼ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳነብ ለድባቴ ይላል። ከፋኝ። እንደገና «ጭንቅላትህ ነው» ያሉኝ መሰለኝና 2 ቀን ሳልጀምረው ቀረሁ። ስልክ ደውዬ ሲስተሯን ጠየቅኳት። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ ለድባቴ ነበር፣ የነርቭ ሕመምን እንደሚያስታግስ የታየው በኋላ ነው። ለሕመም የሚሰጠው መጠን ለድባቴ ከሚሰጠው ያንሳል፣ ሕመም የሚቀንሰውም ድባቴ የሌለበትን ሰው ጭምር ነው። ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርድ፣ ሕመምን የሚያረግብ መስመር አለን፤ እሱን ነው የሚያጠናክረው። አለ አይደል፣ የራዲዮ ድምፅ መቀነሻ እንደማዞር። ራዲዮው አይጠፋም።

አወሳሰዴ እንዲህ ነበር። በ10 ሚሊግራም ጀመርኩ፣ ማታ ብቻ። ከ2 ሳምንት በኋላ 25 ሆነ። እዚያው ነኝ። ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ እስከ 75 የሚያደርስበት ሰው አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቴ በጥጥ የተሞላ ይመስለኛል። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። ከአልጋ ቶሎ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ሕመሙ ደግሞ ፍንክች አላለም። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ እንደሆነ ሲስተሯ ነገረችኝ፣ እኔም ልተወው ነበር። 2 ነገር አዳነኝ። አንደኛ፣ ልተኛ ስል መውሰዱን ትቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መውሰድ ጀመርኩ፤ የጠዋቱ ድንዝዝ ማለት በ3 ቀን ውስጥ ቀለለ። ሁለተኛ፣ ሲስተሯ አስቀድማ «ይህ ዛሬ ተውጦ ዛሬ የሚሠራ አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬም አልዋሽዎትም፣ ግማሽ ከቀነሰ ትልቅ ነገር ነው» ብላኝ ነበር። ያንን ባትነግረኝ በ10ኛው ቀን ጥዬው ነበር።

በ4ኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ነግቷል። ሌሊት አልነቃሁም ማለት ነው። ባለቤቴ ቀድማኝ ተነስታ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ «ደህና ነህ?» አለችኝ፣ ፈርታ። ያን ያህል ጊዜ ነው ሳልነቃ ማደር የተረሳው።

አሁን ማቃጠሉን ከ10 ስንት ነው ብትሉኝ ድሮ 8 ነበር፣ አሁን 4 ነው፣ ደህና ሲሆን 3። የበረዶው ስሜት በጣም ቀንሷል። ንዝረቱ ግን አለ፤ በቀን 4ና 5 ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። አንዱን ነጥብ የያዝኩት በእሱ ነው። ሌላውን በአፍ መድረቅና በሆድ ድርቀት ይዤዋለሁ፤ 7 ወር ሙሉ አልተወኝም፣ ውኃ በየሰዓቱ እጠጣለሁ። አፍ ሲደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ ጥርስ ማጽዳት ላይ ጠንቀቅ በሉ።

3ኛውን ነጥብ የያዝኩት መድኃኒቱ ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም፣ ግን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። ሕመሙ ሲቀንስልኝ ብዙ መራመድ ጀመርኩ። ድሮ ብዙ ስራመድ እግሬ ስለሚነድ ቶሎ ቶሎ እቀመጥ ነበር። አሁን የሚያስቀምጠኝ ጠፋ። በ3ኛው ወር አንድ ቀን ስዞር ውዬ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ረጥቧል። ከአውራ ጣቴ ሥር ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ ነበር፣ አላወቅኩትም። ኪኒኑ ማቃጠሉን ቀነሰ እንጂ ስሜቴን አልመለሰም፤ የሞተው ክር እንደሞተ ነው። ያ ክፉ ሕመም ሳያስበው ይጠብቀኝ ነበር፤ ስለዚህ ሲሄድ ጥበቃውን ራሴ መተካት ነበረብኝ።

አሁን ኪኒኔንና እግሬን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እግሬን በተራ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል እዘፈዝፋለሁ፣ ሙቅ አይደለም፣ ሙቀቱንም ባለቤቴ በእጇ ታየዋለች እንጂ እኔ አልለካውም። የላብ ነርቮችም ስለተጎዱ ቆዳዬ ደረቅ ነው፣ ይሰነጠቃል። የጠነከረውን ቆዳ በሸካራ ድንጋይ በቀስታ እፈገፍጋለሁ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን እቀባለሁ። የውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ጫማዬን ገልብጬ አራግፋለሁ፣ እጄንም አስገብቼ ውስጡን እዳስሳለሁ፣ በሚሰማው በግራ እጄ። ጫማው ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ተረከዙ ላይ የሚታሰር ነው። ከዚያ ኪኒኑን እውጣለሁ።

ሌሎቹን የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች በአጭሩ። በራስ አጠባበቅ ቡድናችን (እጅና እግራችንን ከቁስል ለመጠበቅ የምንሰበሰብበት) ውስጥ ያለች እህታችን የልብ ምት ችግር ስላለባት አሚትሪፕቲሊን ተከልክላ ጋባፔንቲን ነው የምትወስደው። በቀን 3 ጊዜ ነው፣ እሱ ይሰለቻል፤ መጀመሪያ ላይ ያዞራታል፣ እግሯም ትንሽ አብጦ ነበር። ንዝረቱን ግን ከእኔ በተሻለ ቀንሶላታል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይገባል። ፕረጋባሊንም የዚያው ቤተሰብ ነው። ካርባማዜፒን የሚሰጣቸውም አሉ፤ እሱ ላይ በቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያው ለሐኪም መናገር ነው፣ ቀልድ የለውም።

አሚትሪፕቲሊን ዝም ብሎ የማይወሰድባቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። የልብ ችግር ያለበት ወይም በቅርብ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት፣ የዓይን ግፊት ያለበት፣ ሽንት አልወርድ የሚለው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ዕድሜው የገፋና መውደቅ የሚያሰጋው ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይጀምር። ትራማዶል ወይም ሌላ የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አብረው ሲሆኑ አደጋ አለው። አልኮልና እሱ አይስማሙም። አሁንም ኤም ዲ ቲ ላይ ያላችሁ ሪፋምፒሲን እየወሰዳችሁ እንደሆነ ንገሯቸው፤ ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የአሚትሪፕቲሊን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ድንገት አይቆምም፣ እየተቀነሰ ነው። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት፤ ብዙ ከተወሰደ ልብን ያቆማል፣ ለሕፃን ደግሞ ጥቂት ኪኒንም ብዙ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሕመሙ ከብዷችሁ መኖር ያስጠላችሁ ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት፣ አትፈሩ። እኔ በጣም በከፋው ጊዜ እንደዚያ ያሰብኩበት ሌሊት ነበር።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ከ180 ሺህ በላይ አዲስ ሰዎች የሥጋ ደዌ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነሱ በፊት ታክመው የዳኑት ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው። ካርዳቸው ላይ «ጨርሷል» ተብሎ ተጽፎ ተዘግቷል። «ያምሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁን ብዙዎቻችን የለም ነው የምንለው፤ አይታመንም ብለን ስለተውነው። «ሌሊት ትተኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁን።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ወደ 50 ሚሊግራም ከፍ እናድርገው ወይስ እዚሁ እንቆይ የሚለውን እንነጋገራለን። እኔ እዚሁ መቆየት ነው የምፈልገው፤ ጠዋት ላይ ጭንቅላቴ ንጹሕ ሆኖ መነሳቱን ወድጄዋለሁ። እግሬን አሁንም ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው የማሳድረው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ግን እተኛለሁ።